ከደብሊን ወጣ ብሎ አንድ ቀን ላለው፦ ኒውግሬንጅ፣ ትሪም፣ ታራ ወይስ ሞናስተርቦይስ?

ለሥራም ይሁን ለዘመድ ጥየቃ ደብሊን የመጣ ሰው አንድ ቀን ከተረፈው የሚሰጠው ምክር ያው ነው፦ «ኒውግሬንጅን ሳታይ እንዳትመለስ!» ምክሩ አይከፋም። ግን የቦይን ወንዝ ሸለቆ ኒውግሬንጅ ብቻ አይደለም። ከደብሊን በስተሰሜን አንድ ሰዓት ገደማ ሲነዳ፣ የሚዝና የላውዝ አውራጃዎች የግጦሽ ሜዳ መሐል ብዙ ነገር አለ። ከፒራሚድ የቀደመ መቃብር አለ፣ የኖርማኖች (ከእንግሊዝ የመጡ ወራሪዎች) ግንብ አለ፣ የነገሥታት ኮረብታ አለ፣ ከ1,000 ዓመት በላይ የቆመ የድንጋይ መስቀልም አለ። ሁሉንም በአንድ ቀን እናዙራችሁ የሚሉ አስጎብኚዎችም ሞልተዋል። እንዲህ ያለው ጉዞ ከአውቶቡስ መውጣትና መግባት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ቦታ መርጦ በደንብ ማየት ይሻላል። የትኞቹን ሁለት የሚለው ደግሞ እንደ ሰዉ ይለያያል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ኒውግሬንጅ ወይስ ናውዝ?

ሁለቱም ጥንታዊ የመቃብር ጉብታዎች ናቸው፣ የሚገቡትም በአንድ በር ነው። ብሩ ና ቦይንያ በሚባለው የጎብኚዎች ማዕከል ትኬት ትይዛላችሁ፣ በእግረኛ ድልድይ ወንዙን ትሻገራላችሁ፣ ከዚያ የማዕከሉ አውቶቡስ ያደርሳችኋል። ስልኩ ላይ «ኒውግሬንጅ» ብሎ ጽፎ በራሱ መኪና አጥሩ ድረስ የሄደ ሰው ተመለስ ይባላል። ብዙ ሰው በዚህ ቀጠሮው ያልፍበታል።

ኒውግሬንጅ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት 3200 ገደማ ነው። ከጊዛው ትልቁ ፒራሚድ በ600 ዓመት ያህል ይቀድማል። የጉብታው ስፋት 85 ሜትር ገደማ ሲሆን ዙሪያውን 97 ትልልቅ ድንጋዮች ከበውታል። ገንዘባችሁን የምታወጡት ግን ለውስጡ ነው። 19 ሜትር የሚረዝም ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ጎንበስ ብላችሁ፣ አንዳንድ ቦታም በጎን ተሹለክልካችሁ ትገባላችሁ። ጫፉ ላይ ትንሽ ክፍል አለች። ጣሪያዋ ያለ አንዳች ማጣበቂያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ፣ እየጠበበ ወደ 6 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ከ5,000 ዓመት በኋላ ዛሬም አያፈስም። ያውም በአየርላንድ ዝናብ!

ሁሉም ገብቶ ሲያበቃ አስጎብኚው መብራቱን ያጠፋል። ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል። ከዚያ ቀጭን ብርሃን በወለሉ ላይ እየሳበ መጥቶ እግራችሁ ሥር ይደርሳል። ይሄ በአምፖል የሚሠራ ማስመሰያ ነው። እውነተኛው የሚሆነው ዲሴምበር 21 አካባቢ፣ የዓመቱ አጭር ቀን ሲነጋ ነው። ከመግቢያው በላይ ባለች ቀዳዳ የፀሐይ ጨረር ገብቶ ክፍሉን ለ17 ደቂቃ ያህል ያበራዋል። አርኪዮሎጂስቱ ማይክል ኦኬሊ በ1967 በዚያ ንጋት ውስጥ ቆሞ በዓይኑ አይቶታል። ዛሬ በእነዚያ ማለዳዎች መግባት የሚቻለው በዕጣ ነው። ከ30 ሺህ በላይ ሰው ያመለከተበት ዓመት አለ፣ የሚገቡት ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ለዚያ ቀን ብላችሁ የአውሮፕላን ትኬት እንዳትገዙ። በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል፣ ቤታችሁ ሆናችሁ እዩት።

አንድ የማልወድለት ነገር ፊት ለፊቱ ያለው ነጭ ግድግዳ ነው። ድንጋዮቹ እዚያው መሬት ላይ የተገኙ ናቸው። ቀጥ አድርጎ ያቆማቸው ግን በ1970ዎቹ የተደረገው እድሳት ነው፣ ከጀርባቸውም ኮንክሪት አለ። በርካታ ባለሙያዎች መጀመሪያ እንዲህ ነበር የሚለውን አይቀበሉም። ፎቶ ላይ ያምራል፣ ግን የምታዩት የ5,000 ዓመት ግድግዳ እንዳይመስላችሁ።

ናውዝ ታዋቂነቱ ያንሳል፣ የሚታየው ግን ይበዛል። ትልቁ ጉብታ በትንንሽ ጉብታዎች ተከቧል። ከምዕራብ አውሮፓ የዚያ ዘመን የድንጋይ ላይ ቅርጻ ቅርጽ ከሩብ የሚበልጠው የተገኘው እዚህ ነው ይባላል። ክብ፣ ጥምዝምዝ፣ ሞገድ የመሰሉ መስመሮች በየድንጋዩ ላይ ተቀርጸዋል። ጉብታው ላይ ወጥታችሁ ሸለቆውን ቁልቁል ማየትም ትችላላችሁ። ጉድለቱ ወደ ውስጠኛው የመቃብር ክፍል አለመግባታችሁ ነው። ሁለቱን ረጃጅም መተላለፊያዎች ራስን አጎንብሶ መሄድ ያማራችሁ ትከፋላችሁ። በብርዱ ወራት ደግሞ ይዘጋል።

ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ናውዝን ያዙ። ካልሆነ ኒውግሬንጅ። ጊዜና አቅም ካለ ሁለቱን አንድ ላይ የያዘውን ትኬት ግዙ፣ ግማሽ ቀን ይበላል። ጉልበታቸው የደከመ እናት ወይም አባት አብረው ካሉ ኤግዚቢሽኑ ብቻውን ይበቃቸዋል። የውስጠኛው ክፍል ትክክለኛ መጠን ያለው ቅጂ እዚያው ስላለ ማንም ሳይቸገር ያየዋል። በበጋው ሙቀት ወራት ትኬቱ ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ከሳምንታት በፊት በኢንተርኔት ያዙ።

ትሪም ወይስ ታራ?

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ጥያቄ የለውም፣ ትሪም። ሂው ደ ሌሲ የሚባል የኖርማን ባላባት ከ1172 ጀምሮ ያስገነባው ግንብ ነው። ኖርማኖች በአየርላንድ ከሠሯቸው ግንቦች ትልቁ እሱ ነው። መሐሉ ላይ ያለው ማማ በመስቀል ቅርጽ ስለተሠራ 20 ማዕዘን አለው። ግቢው ሰፊ ሣር ነው፣ ልጅ እንደ ልቡ ይሮጥበታል። ማማው ውስጥ የሚገባው ከአስጎብኚ ጋር ነው፣ ደረጃው ጠመዝማዛና ቁልቁለታም ነው። ከፍታ የሚፈራ ሰው ከታች ይጠብቅ። የሜል ጊብሰን «ብሬቭሃርት» ፊልም የተቀረጸው እዚህም ነው። ፊልሙ ላይ የእንግሊዟ ዮርክ ከተማ ሆኖ የሚታየው ይሄው ግንብ ነው። ትሪም ራሷ ትንሽ የገጠር ከተማ ናት፣ ከግንቡ ወጥታችሁ ቡናና ምሳ ሳትርቁ ታገኛላችሁ። ከደብሊን ቀጥታ አውቶቡስ ስላለ መኪና ለሌለውም ትመቻለች።

ታራ የጥንት የአየርላንድ ነገሥታት መንበር ነው። ስሙ ገናና ነው። ስትደርሱ ግን ዓይን አይሞላም፦ አረንጓዴ ኮረብታ፣ ጎድጓዳ ቦዮች፣ በጎች፣ ሊያ ፎል የሚባል አንድ የቆመ ድንጋይ፣ በቃ። እውነተኛው ንጉሥ ሲነካው ድንጋዩ ይጮኻል ይላል ተረቱ። የአየርላንድ ፖለቲከኛው ዳንኤል ኦኮነል በ1843 ሕዝቡን ጠርቶ ታላቅ ስብሰባ ያደረገውም እዚሁ ነው። መግቢያ አይከፈልም፣ ሁልጊዜም ክፍት ነው።

ለእኛ ሰው ግን ታራ የሚያስገርም ታሪክ አላት። ከ1899 እስከ 1902 ባለው ጊዜ ራሳቸውን የእስራኤል የጠፉ ነገዶች ዘር ያደረጉ እንግሊዛውያን መጥተው ኮረብታውን ቆፈሩት። የሚፈልጉት ምን መሰላችሁ? ታቦተ ጽዮንን! አክሱም ላይ ያለውን እዚህ ጭቃ ውስጥ ሊያገኙት። ገጣሚው ዬትስንና የአየርላንድ ነፃነት ታጋይዋን ሞድ ጎንን የመሳሰሉ ታዋቂ ሰዎች ተነሥተው እስኪቃወሟቸው ድረስ አንዱን ጥንታዊ ክብ ምሽግ አበላሽተውታል። ቁስሉ ዛሬም መሬቱ ላይ ይታያል። ይህን ታሪክ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ታራ ሌላ ቦታ ትሆናለች። ሳታውቁ ከሄዳችሁ ግን የእግር መንገድ ናት።

ሞናስተርቦይስ

ብዙ የጉዞ ፓኬጅ የሚዘለው ይሄን ነው፣ እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው እሱን ነው። በነፃ ነው የሚገባው። ከድሮሂዳ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ ያለ የመቃብር ስፍራ ነው። በ5ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ገዳም ሆኖ የተመሠረተ ቦታ ሲሆን ጣሪያ አልባ ቤተ ክርስቲያኖችና ረጅም ክብ ማማ ቀርተውታል። ማማው በ1097 ውስጡ ከነበሩት መጻሕፍት ጋር ተቃጥሏል። ዋናው ነገር ግን መስቀሎቹ ናቸው።

የሙሬዳክ መስቀል 5 ሜትር ተኩል ያህል ቁመት አለው። በ9ኛው ወይም በ10ኛው መቶ ዘመን የተቀረጸ ነው፣ ከላይ እስከ ታች መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በምሥራቁ ፊት ከታች አዳምና ሔዋን፣ ቃየልና አቤል አሉ። ከፍ ሲል ዳዊትና ጎልያድ፣ ዓለት የሚመታው ሙሴ፣ እጅ መንሻ የያዙት ሰብአ ሰገል ይከተላሉ። መሐል ላይ የፍርድ ቀን ነው። በአንድ ወገን ዳዊት በገናውን ይዞ ተቀምጧል፣ በገናው ላይ ወፍ አርፋለች። ከፍርዱ ሥር ሚካኤል ነፍስ ይመዝናል። ሰይጣን ከሚዛኑ በታች ተጋድሞ ሚዛኑን ሊያዛባ ይታገላል። እኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አይተነው ያደግነው ሥዕል ማለት ነው።

ጫፉ ላይ የጣሪያ ክዳን መስሎ የተቀረጸ ድንጋይ አለ። እዚያ በረሃ ላይ የተገናኙ ሁለት መነኮሳት ይታያሉ፦ አባ እንጦንስና ቁራ እንጀራ ያመጣለት የነበረው አባ ጳውሊ። የግብፅ በረሃ አባቶች በአየርላንድ ገጠር ድንጋይ ላይ! የጥንት የአየርላንድ መነኮሳት የእነሱን ሕይወት እንደ አርአያ ይዘው ነበርና ብዙ መስቀሎቻቸው ላይ ቀርጸዋቸዋል። በምዕራቡ ፊት ስቅለቱ አለ። ከታች ወረድ ብላችሁ እግሩ ሥር ብታዩ ሁለት ድመቶች ታገኛላችሁ፣ አንዷ ግልገሏን ትልሳለች። አጠገባቸው መስቀሉን ላሠራው ለሙሬዳክ ጸልዩ የሚል ጽሑፍ አለ።

አስጎብኚ እንደ ኒውግሬንጅ አይጠብቃችሁም፣ ራሳችሁ ዞራችሁ ታነባላችሁ። ብርሃኑ ጥሩ የሚሆነው በጠዋት በምሥራቁ በኩል፣ ከሰዓት በምዕራቡ በኩል ነው። እቃ መሸጫም ካፌም የለውም፣ ውሃ ያዙ።

አጠገቡ ያለው ሜሊፎንት በ1142 የተመሠረተ፣ በአየርላንድ የመጀመሪያው የሲስተርሲያን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ገዳም ነው። ስምንት ማዕዘን የነበረችው የመነኮሳቱ የእጅ መታጠቢያ ቤት ግማሽ ቆሟል፣ ያምራል። ሌላው በአብዛኛው መሠረት ብቻ ነው። መንገዳችሁ ላይ ከሆነ እለፉበት፣ ለብቻው ግን አትሂዱ።

ስለ መኪና፣ ስለ ቪዛ

ሞናስተርቦይስና ታራ ያለ መኪና አድካሚ ናቸው። መኪና ስትከራዩ አውቶማቲክ መሆኑን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ማርሽ ያለው ብዙ ነው። በግራ በኩል ነው የሚነዳው፣ የገጠሩ መንገድም ጠባብ ነው። መኪና የሌለው ሰው ከደብሊን ድሮሂዳ ድረስ በባቡር ሄዶ ከዚያ ታክሲ መያዝ ይችላል። ለሦስትና ለአራት ከተካፈላችሁት ታክሲው አይጎዳም።

ከጀርመን ወይም ከጣሊያን በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትመጡ ደግሞ ልብ በሉ፦ አየርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም ሸንገን ውስጥ የለችም። የሸንገን ቪዛ ደብሊን አያስገባም፣ የአየርላንድ ቪዛ ለብቻው ይጠየቃል። ሆቴልና ትኬት ከመያዛችሁ በፊት ይሄን ጨርሱ።

እኔ ብሆን የማደርገው ይሄ ነው። መኪና ካለ፣ ጠዋት ሞናስተርቦይስ፣ ከሰዓት በቀጠሮ ኒውግሬንጅ፤ ሁለቱ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ልጆች ካሉ ኒውግሬንጅን ትቼ ትሪም እውላለሁ፣ ስመለስ ደክሞኝ ካልሆነ ታራ ላይ እወርዳለሁ። ሁለተኛ ቀን ያለው ሰው ወደ ምዕራብ ሎክሩ ይሂድ። በኮረብታ አናት ላይ ተበታትነው የቆሙ፣ የኒውግሬንጅ ዘመዶች የሆኑ መቃብሮች ናቸው። ሽቅብ ይወጣል፣ ንፋሱ ይበረታል፣ ጎብኚው ግን ጥቂት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ትልቁ መቃብር ክፍት መሆኑን አጣሩ፣ ለጥገና ተዘግቶ የቆየበት ጊዜ አለና። የዝናብ ጃኬትና የማያንሸራትት ጫማ ደግሞ የትም ብትሄዱ አይቅር።