የወቅት ሰንጠረዥ፣ የቻርት ስካነር ወይስ ባክቴስት? ለአጭር ጊዜ ትሬድ የትኛው ይገዛ?

የድሮ ዋጋን አይታችሁ ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት አክሲዮን መግዛትና መሸጥ ካሰባችሁ፣ በብዛት የሚቀርቡላችሁ መሣሪያዎች ሦስት ናቸው። የወቅት ሰንጠረዥ የትኛው አክሲዮን በየትኛው ወር እንደሚወጣና እንደሚወርድ ያሳያል። የቻርት ስካነር በዋጋ ግራፍ (ቻርት) ላይ የታወቁ ቅርጾችን ፈልጎ ያመጣል። ባክቴስት ደግሞ እናንተ የጻፋችሁትን የመግዣና የመሸጫ ሕግ በድሮ ዋጋ ላይ ይፈትናል። ሦስቱንም መግዛት ግን አያስፈልግም።

የወቅት ሰንጠረዥ ለመጠቀም ከሁሉም ይቀላል። ሰውን የሚያሳስተውም በዋናነት እሱ ነው። መነሻው ባዶ ወሬ አይደለም። ለምሳሌ የ500 ገደማ ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ላይ በሚለካው በኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ ታሪክ ሴፕቴምበር በአማካይ ደካማው ወር ነው። የዓመቱን የመጨረሻ 5 የግብይት ቀናትና የአዲሱን ዓመት የመጀመሪያ 2 ቀናት የሚይዘውን የገና ሰሞን ጭማሪ ደግሞ አሜሪካዊው የገበያ ተንታኝ ዬል ኸርሽ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ችግሩ የሚመጣው ወደ ነጠላ አክሲዮን ሲወረድ ነው።

አንዱን መስመር ቀረብ ብለን እንየው። «ባለፉት 10 ዓመታት በዚህ ወር 9 ጊዜ ወጥቷል» ይላል፣ በአረንጓዴ ቀለም። ያጓጓል። አሁን ሳንቲም 10 ጊዜ ወርውሩ። 9 ወይም 10 ጊዜ ዘውድ የመውጣት ዕድሉ 1 በመቶ ገደማ ነው። ሰንጠረዡ ግን 500 አክሲዮኖችን በ12 ወር ካሰላ 6,000 መስመር አለው። ሁሉም በሳንቲም ቢወሰን እንኳ ከ60 በላይ መስመሮች እንዲህ አምረው ይወጣሉ! ሻጩ ፊት ለፊት የሚደረድርላችሁ እነዚያን ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ዓመት ውጤት ለየብቻ የማያሳይ፣ አማካይ ብቻ የሚሰጥ ሰንጠረዥ አትግዙ። አንድ የተለየ ዓመት አማካዩን ብቻውን ሊሸከመው ይችላል።

ስካነር ጊዜ ይቆጥባል፣ ይህን አልክድም። መቶ ቻርት በዓይን ማገላበጥ ያደክማል። ግን ሄድ ኤንድ ሾልደርስ የሚባለው፣ መሀሉ ከፍ ያለ ባለ ሦስት ጉብታ ቅርጽ፣ ግልጽ ሆኖ የሚታየው ካለቀ በኋላ ነው። ተመራማሪዎቹ ሎ፣ ማማይስኪና ዋንግ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት የአሜሪካ አክሲዮኖችን ከ1962 እስከ 1996 ፈትሸው፣ አንዳንድ ቅርጾች መረጃ እንደሚይዙ አግኝተዋል። ትርፍ ያስገኛሉ ማለት እንዳልሆነ ግን እነሱው ራሳቸው አስጠንቅቀዋል። ሻጩ «70 በመቶ ይሳካል» ካላችሁ፣ ስኬቱ የሚቆጠረው ቅርጹ ከታየበት ቀን ነው ወይስ ካለቀበት? ብላችሁ ጠይቁት።

እኔ ገንዘብ አውጡበት የምለው ባክቴስት ላይ ነው። መማር ይጠይቃል፤ ትሬዲንግቪው በሚባለው የቻርት ድረ ገጽ ላይ ለምሳሌ ሕጉን ፓይን ስክሪፕት በሚባለው የራሱ የኮድ ቋንቋ መጻፍ ሊኖርባችሁ ይችላል። ግን ኮሚሽን አስገብታችሁ ማስላት ትችላላችሁ፣ የአጭር ጊዜ ትሬድ የሚሞተው ደግሞ እዚያ ነው። አንድ ሕግ በአማካይ 0.6 በመቶ አተረፈ እንበል። ስትገዙ 0.2፣ ስትሸጡ 0.2 በኮሚሽንና በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ባለው ልዩነት ከሄደ፣ በእጃችሁ የሚቀረው 0.2 ነው።

ባክቴስትም ያታልላል። ቁጥሮቹን እየነካካችሁ ካለፈው ዋጋ ጋር ልክክ እስኪል ካስተካከላችሁት፣ ነገ አይሠራም። መፍትሔው ሕጉን ለምሳሌ እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ባለው ዋጋ ሠርቶ፣ ከዚያ በኋላ ባለው ሳይነኩ አንዴ ብቻ መፈተን ነው። ተመራማሪዎቹ ማክሊንና ፖንቲፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት 97 የታወቁ የገበያ ምልክቶችን መርምረው፣ ጥናት ከታተመባቸው በኋላ ትርፋቸው በአማካይ 58 በመቶ እንደቀነሰ አግኝተዋል። ሁሉም ያወቀው ነገር ቶሎ ይሳሳል። ሌላም አለ፦ ዳታው የከሰሩና ከገበያ የወጡ ኩባንያዎችን ካልያዘ ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ያምራል።

ኮድ ጨርሶ የማይሆንላችሁ ከሆነ በየዓመቱ ዘርዝሮ የሚያሳይ የወቅት ሰንጠረዥ ይበቃችኋል፣ ለኢንዴክስ ብቻ። ስካነር የሚጠቅመው የተፈተነ ሕግ ላለው ሰው ነው። የትኛውንም ከመክፈላችሁ በፊት ነፃ የሙከራ ጊዜ ካለው፣ ከገበያ የወጣ አንድ ኩባንያ ስም አስገብታችሁ ፈልጉ። ካልመጣ፣ ካርዳችሁን አታስገቡ።