በደብረ ብርሃን የጌጅ ጥገና ለሚሠሩት ጋሼ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰሜን ሸዋ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምጽፈው ደብረ ብርሃን ላይ የግፊት ጌጅ የሚፈትሹና የሚጠግኑ አንድ አባትን በአደባባይ ላመሰግንና ለእናንተም ልጠቁም ነው። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። አድራሻቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ጋሼ ረጅሙን ዕድሜያቸውን በፋብሪካ የቦይለርና የኮምፕረሰር ጌጅ ሲጠግኑ ኖረው አሁን በራሳቸው ትንሽ ሱቅ ይሠራሉ። ደንበኞቻቸው ጎሚስታዎች፣ ጋራዦችና የደም ግፊት መለኪያ የሚያመጡ ክሊኒኮች ናቸው። እኔ ግን ይዤባቸው የሄድኩት የስኩባ ዳይቪንግ፣ ማለትም አየር በሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ የመጥለቅ፣ ጥያቄ ነው። ወንድሜ ጅቡቲ ስለሚሠራ እዚያ ሄጄ እስከ 18 ሜትር የሚያስጠልቀውን የጀማሪ ትምህርት ጨርሻለሁ። በትምህርቱ ጊዜ ዕቃው ሁሉ የኪራይ ነበር። አስተማሪዬ ከሁሉ አስቀድሜ የራሴን ዳይቭ ኮምፒዩተር (ጠላቂው ይዞት የሚገባ፣ ጥልቀትና ጊዜ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ) እንድገዛ መከረኝ፤ አንድ ሰው ደግሞ የአየርና የጥልቀት ጌጅ አንድ ላይ የያዘ ያገለገለ ዕቃ አይቼ እንድወስን ሰጠኝ። ጋሼ ዘንድ ያደረሰኝ ይህ ነው።

«ስለ ባሕር አላውቅም፤ ስለ ግፊት ከሆነ ግን ተቀመጪ» አሉኝ።

ጌጁን እንደተቀበሉ መጀመሪያ ያዩት መስታወቱ ላይ የተጻፈውን መለኪያ ነው። አየሩ ፒኤስአይ በሚባለው የግፊት መለኪያ፣ ጥልቀቱ በጫማ ነበር። የተማርኩት በባር (ሌላው የግፊት መለኪያ) እና በሜትር መሆኑን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። 3000 ፒኤስአይ 207 ባር ገደማ ነው፣ 60 ጫማ ደግሞ ወደ 18 ሜትር ይሆናል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ይህን ማስላት ቀላል ነው። ውሃ ውስጥ ግን 200 ባር ይዞ የገባ ሰው 50 ባር ሳይነካ ላይ መውጣት አለበት፤ ቀስቷን ባየ ቅጽበት ካልገባው ጌጁ አልጠቀመውም። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ 2 ባር ስለሚሆን አየሩ ከላይ ካለው በእጥፍ ፍጥነት ያልቃል፣ 20 ሜትር ላይ በሦስት እጥፍ። ጀማሪ የሆነ ሰው አስተማሪው በሚናገርበትና ጓደኞቹ በሚጠቀሙበት መለኪያ የተሠራውን ይግዛ የሚለውን ምክር ከእሳቸው ነው የያዝኩት።

የአየር ጌጁ ውስጡ ለእሳቸው አዲስ አልነበረም። ፈረንሳዊው ዩጂን ቡርዶን በ1849 የፈለሰፈው ጎባጣ ቱቦ ነው ያለው፤ ግፊት ሲገባበት ሊቃና ይሞክራል፣ ያ እንቅስቃሴ በጥርሶች አልፎ ቀስቷን ያዞራል። ቦይለር ላይ ያለውም ይኸው ነው። ባትሪ አይፈልግም፤ ለዚህም ሲሉ ጋሼ ለጀማሪ ከሁሉ የሚመርጡት ይህን ቀላሉን ጌጅ ነው። ሲገዛ ምን እንደሚታይም አሳዩኝ። አየር ሳይኖረው ቀስቷ ዜሮ ላይ ማረፍ አለባት፣ ስትወጣም ስትወርድም መሃል ላይ መያዝ የለባትም፣ የጎማ ቱቦው ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጎንበስ ተደርጎ ስንጥቅ ይፈለጋል። ሲሊንደር ሲከፈት ደግሞ መስታወቱ ከፊት ዞር ይደረጋል። ይህን አስተማሪዬም ነግሮኝ ነበር፤ ምክንያቱን ግን የገባኝ ጋሼ የፈነዳ የቦይለር ጌጅ ከመሳቢያቸው አውጥተው ሲያሳዩኝ ነው።

ፈትሹልኝ ብዬ ስለምናቸው እምቢ አሉ። «የእኔ መፈተሻ 200 ባር አይደርስም። ያላየሁትን ደህና ነው ብዬ በሕይወትሽ አልፈርድም» አሉና ገንዘቤን መለሱልኝ። ጅቡቲ ስሄድ በዚያው ሲሊንደር ላይ ከሌላ የታወቀ ጌጅ ጋር እንዳስተያየው፣ ልዩነት ካሳየ እንዳልወስደው አስጠነቀቁኝ። ባለሙያ ማለት ለእኔ እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም በዋናነት ይህ መልሳቸው ነው።

የጥልቀቱ ጌጅ ሌላ ነገር አስተማረኝ። ቀስቷ ከዜሮ በታች ወርዳ መቆሚያዋ ላይ ተደግፋለች። ተበላሽቷል ብዬ ነበር፤ ጋሼ ግን አልተበላሸም አሉ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2840 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 0.71 ባር ያህል ብቻ ነው፤ እኛ ዘንድ ባቄላ ለመብሰል የሚቆየውም ውሃው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ነው። ከባሕር ዳርቻው ጋር ያለው የ0.3 ባር ልዩነት በውሃ ቢለካ 3 ሜትር ይሆናል። እዚህ ሆኜ ቀስቷን በብሎኗ ዜሮ ላይ ባስተካክላት ጅቡቲ ዳርቻ ላይ በደረቅ ቆሜ 3 ሜትር ታሳየኛለች ማለት ነው። «እንዳትነኪያት» አሉኝ። አየሩን የሚለካው ጌጅ ላይ ግን ይህ ልዩነት ከ200 ባር ውስጥ ለዓይን እንኳ አይታይም።

ኮምፒዩተሩን በተመለከተ ዋጋቸው የሚመቸኝን ሁለት ዓይነቶች መመሪያ አሳትሜ ወሰድኩላቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ይህ ዕቃ ጥልቀትና ጊዜን እየለካ ከምንተነፍሰው አየር በሰውነት ውስጥ የሚጠራቀመውን ናይትሮጅን ያሰላል (ግፊቱ ቶሎ ሲቀንስ አረፋ ሆኖ ሰውን ይጎዳልና)፣ ሲወጡ መሃል ላይ ለመቆም ሳይገደዱ እታች ለመቆየት ስንት ደቂቃ እንደቀረ ያሳያል፣ በፍጥነት ሲወጡ ይጮኻል፣ ለጥንቃቄም 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ያስቆማል። ብዙዎቹ የሚሠሩበትን ስሌት ያወጣው ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም አልበርት ቡልማን ሲሆን፣ የተራራ ሐይቆችን ጉዳይ በተለይ ያጠና ሰው ነው። ለእኛ ለደጋዎቹ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከባሕር ወለል ከ300 ሜትር በላይ ባለ ውሃ መጥለቅ እንደ ከፍታ ጠለቃ ስለሚቆጠር ከ1800 ሜትር በላይ ያሉት የቢሾፍቱ ሐይቆች እንኳ ያልፋሉ። አንዳንዱ ኮምፒዩተር ከፍታውን በራሱ ያውቃል፣ ሌላው በእጅ ይሞላለታል። ጋሼ በራሱ የሚያውቀውን፣ ቁጥሩ ትልልቅ የሆነውንና ባትሪው በባለቤቱ የሚቀየረውን መረጡልኝ። ለባትሪ ብሎ ዕቃውን ውጭ አገር መላክ ከደብረ ብርሃን አይታሰብማ! አየሩንም በገመድ አልባ የሚያሳየውን ውዱን ዓይነት ለጊዜው ተዪው አሉኝ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን መመሪያው ውስጥ ስላለችው ትንሽ የአውሮፕላን ምልክት ነው። ከጠለቃ በኋላ መቼ መብረር እንደሚቻል ትናገራለች። የተለመደው ምክር ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋጋሚ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ነው። ጋሼ እዚህ ላይ ቆም አሉና አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ግፊት የስንት ሜትር ከፍታ ነው ብለው ጠየቁ። ቢበዛ የ2400 ሜትር ያህል ነው። «እንግዲያው የእኛ ቤት ከአውሮፕላኑ ውስጥ ይበልጣል» አሉኝ። በሚሌና በኮምቦልቻ ብመጣ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና ወጥቼ ጣርማ በርን ከ3000 ሜትር በላይ አቋርጣለሁ፤ በአዲስ አበባ ብመጣም መጨረሻዬ ደብረ ብርሃን ነው። ምልክቷ ከስክሪኑ ጠፋች ብዬ መኪና ውስጥ ብገባ ከተሰላልኝ ከፍታ በላይ ልወጣ ነበር። ለአስተማሪዬ ደውዬ ስነግረው ትክክል ናቸው አለኝ፤ ለበረራ ከሚሰጠው ጊዜ በላይ እንድቆይም አዘዘኝ። አሁን ከመጨረሻው ጠለቃ በኋላ ከአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት በላይ ባሕሩ ዳር አርፌ ነው ጉዞ የምጀምረው። ከደጋ ወጥታችሁ ለመጥለቅ የምታስቡ እህቶቼና ወንድሞቼ ይህቺን ነገር አደራ!

ጋሼ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። ጥያቄዬን ሳይንቁ፣ የማያውቁትን አላውቅም ብለው፣ የሚያውቁትን ሳይሰስቱ ነግረውኛልና እጅግ አመሰግናለሁ።

ለእናንተም፦ የጎማ ጌጅ፣ የኮምፕረሰር፣ የቦይለር፣ ቀስቱ ዜሮ ላይ የማያርፍ የደም ግፊት መለኪያ ያላችሁ ወደ እሳቸው ውሰዱት። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ከሰዓት ብዙ ጊዜ ወፍጮ ቤቶችና ጋራዦች ጋ ለሥራ ይወጣሉ። የዕቃው መመሪያ ካላችሁ አብራችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።