ዳይሴንትሪክ ወይስ ማይክሮኒውክለስ?

ጥቁር አንበሳ አካባቢ በጨረር ሕክምና ወይም በራጅ ክፍል የሚሠራ ባለሙያ ዶዚሜትሩን (የጨረር መለኪያውን) ሳያደርግ ጨረር አገኘው ተብሎ ቢጠረጠር፣ መጠኑን የሚመሰክሩት የደሙ ሊምፎሳይቶች (አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴሎች) ናቸው፤ የሚመረመሩትም ዳይሴንትሪክ ወይም ማይክሮኒውክለስ በመቁጠር ነው። ደሙ በሊቲየም ሄፓሪን ቱቦ ይቀዳ፤ ፍሪዘር ውስጥ ፈጽሞ አይግባ፣ የሞተ ሴል አይከፋፈልም።

ዳይሴንትሪክ የሚፈጠረው ሁለት የተሰበሩ ክሮሞሶሞች በስህተት ሲጋጠሙ ነው፤ ሁለት ሴንትሮመር (የክሮሞሶም ጠባብ ወገብ) ይኖረዋል። ደሙ ሴሎቹን እንዲከፋፈሉ ከሚያነቃቃው ፒኤችኤ ጋር በ37 ዲግሪ 48 ሰዓት ይቆያል፣ ክፍፍሉን መሃል ላይ የሚያቆመው ኮልሴሚድ በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ይጨመራል። ከዚያ ካለፈ ሴሎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ስለሚከፋፈሉ ቆጠራው ከእውነቱ ያንሳል። ጨረር ባልነካው ሰው ከ1,000 ሴል 1 ያህል ብቻ ስለሚገኝ 0.1 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) አካባቢ ያለውን መጠን እንኳ ይለያል። ፈተናው ስላይዱ ላይ ነው፦ በአዲስ አበባ የበጋ ደረቅ አየር ጠብታው ቶሎ ደርቆ ክሮሞሶሞቹ ሳይዘረጉ ይቀራሉ። እርጥበቱን 50 በመቶ ገደማ ማድረግ ይረዳል።

ማይክሮኒውክለስ ሴል ሲከፋፈል ከዋናው ኒውክለስ ውጭ የሚቀር ትንሽ ኒውክለስ ነው። ለእሱ በ44ኛው ሰዓት ሴሉ ለሁለት እንዳይለያይ የሚያደርገው ሳይቶካላሲን ቢ ይጨመራል፣ በ72ኛው ይሰበሰባል። መብራት ቢጠፋ ኢንኩቤተሩ አንድ ቀን ተጨማሪ ስጋት አለበት። ቆጠራው ግን ፈጣን ነው። መነሻ ቁጥሩ በዕድሜ ስለሚጨምር፣ በሴቶችም ከፍ ስለሚል፣ ከ0.2 ግሬይ በታች አያስተማምንም።

ለአንድ ተጠርጣሪ ሠራተኛ ዳይሴንትሪክ ይሻላል፤ ብዙ ሰው በአንዴ ከተጋለጠ ማይክሮኒውክለስ ይቅደም።