የገዛ ኮምፒውተራችሁ ኬዝ ላይ የዋራንቲ ስቲከር ሲለጥፉ ዝም አትበሉ

ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው። ሱቁ ሜክሲኮ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ቤቶች አንዱ ነው። «ግባ ወንድሜ፣ ምን ልታዘዝ» የሚሉትን መቼም ታውቋቸዋላችሁ።

ዴስክቶፔ ሁለተኛ ጀነሬሽን ኮር አይ ፋይቭ ነው፣ በፈረንጅ 2011 የወጣው። ኤስኤስዲ (ከድሮው ሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ሊገባለት፣ ዩኤስቢ ስሪም (ከዩኤስቢ ቱ የሚፈጥነው) ሊኖረው ነው የወሰድኩት። የዚያን ጊዜ የኢንቴል ቺፕሴት (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ቺፕ) ዩኤስቢ ስሪ የለውም፣ አብሮ መምጣት የጀመረው በ2012 ነው። ስለዚህ ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባለው የማዘርቦርዱ ማስገቢያ ላይ የሚሰካ ካርድ ያስፈልገዋል። የሱቁ ልጅም ይህንኑ ነግሮኝ የካርድ ዋጋ ተቀበለኝ። ወረቀቱ ላይ ግን «የኮምፒውተር ዕቃ» ብቻ ብሎ ጻፈ። ሲጨርስ ኬዙን አሰረና ጎኑ ላይ የዋራንቲ ስቲከር ለጠፈበት፣ ከተቀደደ ዋስትናው ቀረ የሚሉትን። የራሴ ኬዝ ላይ እኮ ነው!

ኤስኤስዲው እውነት ለመናገር ደህና ነው፣ ዊንዶውስ ወዲያው ብድግ ይላል። ያዘናጋኝም እሱ ነው። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሰክቼ ፋይል ስገለብጥ ግን ፍጥነቱ በሰከንድ 35 ሜጋባይት አካባቢ ተቸከለ። ይሄ የዩኤስቢ ቱ ፍጥነት ነው። ኬዙን ስከፍተው ካርድ የሚባል ነገር የለም። ከኋላ ሰማያዊ የዩኤስቢ ቀዳዳ (ስሪ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ቀለም ነው የሚለየው) ያለው ቆርቆሮ ታስሯል፣ የገመዱ ባለ 19 ፒን ጫፍ ደግሞ በአንዲት ትንሽ መቀየሪያ በኩል ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባለ 9 ፒን የዩኤስቢ ቱ መሰኪያ ላይ ገብቷል። መስራቱን ይሰራል፣ ግን በሰከንድ ከ480 ሜጋቢት (ስምንቱ ቢት አንድ ባይት ነው) አያልፍም። ስሪ እኮ 5 ጊጋቢት ነው።

ይዤው ተመለስኩ፣ የታክሲው ረዳት ለኬዙም የአንድ ሰው ሂሳብ ተቀብሎኝ። ልጁ ኮምፒውተሩን እንኳን አላበራውም። የተቀደደው ስቲከር ላይ ጣቱን አሳለፈና «ተቀዷል» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለጓደኛው። ካርዱ የታለ ስለው «ሰማያዊ አይደለም እንዴ? ሰማያዊ ከሆነ ስሪ ነው» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ከፍቼ ያየሁትን አንድ በአንድ ስነግረው ባለቤቱ ከስልኩ ቀና ሳይል «ወንድሜ፣ ይሄን ለቆራሌው ስጠውና አዲስ ግዛ» አለ። ሁለቱ ልጆች ሳቁ። የፕሪንተር ቀለም ልትገዛ የመጣች ሴትዮም አብራ ፈገግ አለች፣ በእሷ እንኳን አልፈርድም። ከዚያ ልጁ ኬዜን በሁለት እጁ አንስቶ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሬሳ ሳጥን በክብር ከባንኮኒው አወረደልኝ። «ቀጣይ!» ብሎ ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

ብሬ አልተመለሰም። ካርድ የምታስገቡ ካላችሁ ቆማችሁ ሲሰካ እዩ፣ ወረቀቱ ላይም የዕቃው ስም በትክክል ይጻፍ። ስቲከር እንለጥፍ ካሉም ካርዱ ላይ ይለጥፉ።