ሲያትል ያለችው የሀበሻ ቤት፦ ጥብሱ አሪፍ፣ ክርክሩ ማለቂያ የለውም

ሲያትል ያለች ጠባብ የሀበሻ ቤት ናት፣ እሁድ እሁድ ኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ታሳያለች። ደረቅ ጥብሱ ምንም አይወጣለትም፣ ሽሮውም ይበላል። ግን ሰው የሚመጣው ለክርክሩ ነው በቃ። እስካሁን እ.ኤ.አ. የ2015ቱን ሱፐር ቦውል፣ የሊጉን የዋንጫ ጨዋታ ነው የሚያወሩት ብላችሁ ታምናላችሁ? የሲያትሉ ቡድን ሲሆክስ 28 ለ 24 እየተመሩ፣ 26 ሰከንድ ቀርቶ፣ ነጥብ የሚያስቆጥረው መስመር ጋ ለመድረስ 1 ያርድ (አንድ ሜትር ገደማ) ብቻ ሲቀር፣ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ማርሾን ሊንችን የመሰለ በሬ ይዞ አሰልጣኙ ፒት ካሮል ፓስ አስወረወረ፣ የተጋጣሚው ማልኮም በትለር ቀማት፣ አለቀ። ጎኔ የተቀመጡት ጋሼ «ለሊንች ነበር መስጠት!» እያሉ ጠረጴዛውን ሲደበድቡት ሽሮዬ ሊደፋ ምንም አልቀረውም ሃሃ። እኔ ለካሮል ትንሽ አዝንለታለሁ፣ የቀረው ታይምአውት (ሰዓት ማስቆሚያ) አንድ ብቻ ነበር፣ ፓሱ ቢስት ሰዓቱ ይቆማል፣ ሩጫው ቢከሽፍ ግን ሰዓቱ መቁጠሩን ይቀጥላል፣ ስለዚህ ፓስ ማሰቡ እብደት አይደለም፣ ግን ሰው በተፋፈገበት መሀል ላይ መወርወር ምን አመጣው? ይቺን እንዳልኩ ቤቱ በሙሉ ዞረብኝ። ሰርቪሱ ቀርፋፋ ነው፣ ቡና አዝዤ አንድ ኳርተር (የጨዋታውን ሩብ) ሙሉ ጠብቄያለሁ፣ ፓርኪንግ ደግሞ አትጠይቁኝ። 4 ኮከብ። ጋሼ አጠገብ ከተቀመጣችሁ ሳህናችሁን ያዝ አድርጉ።