ሽንኩርት ያለ አፈር፦ የበረንዳዬ መሣሪያ እንዴት ሠራ?

ደብረ ማርቆስ ቤቴ በረንዳ ላይ የሐበሻ ሽንኩርት በውሃ ላበቅል ነው ስላቸው፣ አሮጊቷ ጎረቤቴ «ደግሞ አፈር ምን በደለህ?» ብለው ሳቁብኝ። መሣሪያው 24 ቀዳዳ ያለው ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ትንሽ ፓምፕና በሁለት ጠርሙስ የተሞላ ፈሳሽ ማዳበሪያ ነው።

ቧንቧው ጠንካራ ነው፤ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። መመሪያው ግን ለሰላጣ የተጻፈ ነው። እሱን አምኜ ራሶቹን እስከ አንገታቸው ብነክራቸው በሳምንቱ 6ቱ ለስልሰው ሸተቱ። ለሽንኩርት ውሃው ሥሩን ብቻ መንካት አለበት፤ ራሱ ደርቆ ከላይ ይቀመጣል። የውሃውን ከፍታ በሁለት ጣት ዝቅ ባደርገው ነጭ ሥር እንደ ጥጥ ፈትል ተንዠረገገ፤ አንዱ ራስ አራት ሆኖ ተከፈለ።

ፓምፑ ባትሪ የለውም። መብራት በጠፋ ቁጥር በጆግ እያንቆረቆርሁ ሥሩን ማራስ የእኔ ሥራ ሆነ፤ ይህ ሳይነገረኝ መሸጡ አናዶኛል።

ለወጥ የሚበቃ ሽንኩርት ለሚፈልግ አልመክረውም፤ ከገበያ መግዛት ይረክሳል። ለእርጥብ ቅጠሉ ከሆነ ግን ይገዛ። ጎረቤቴም ትናንት ለእንቁላል ጥብስ ብለው እፍኝ ሙሉ ቀጥፈው ሄደዋል።