የነርቭ ሕመም ወይስ የጡንቻ ሕመም?

ጡንቻ ሲታመም ቦታውን በመዳፍ ያሳያሉ፤ ሲጫኑት ያማል፣ ይከብዳል። ነርቭ ሲሆን ግን በጣት መስመር እየተከተሉ ያሳያሉ፦ ለምሳሌ ከወገብ ተነስቶ በጭን ጀርባ አልፎ እስከ እግር ጣት። ያቃጥላል፣ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ ያደነዝዛል።

ጡንቻ ያልለመደውን ሥራ ከሠራ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ይብስበታል፣ ከዚያ በቀናት ይለቀዋል። ነርቭ በእረፍትም፣ ሌሊትም ያማል፤ አንዳንዴ አንሶላ ሲነካው እንኳ። ፓራሲታሞልም ብዙ አይረዳውም።

ሕመሙ ወገብና እግር ላይ ከሆነ፣ ለመለየት በጀርባዎ ተኝተው ሌላ ሰው እግርዎን ሳያጥፍ ቀስ ብሎ ያንሳልዎት። ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ላይ ሕመሙ ከጉልበት በታች ከወረደ ነርቭ ይጠረጠራል፤ የጭን ጀርባ መወጠር ብቻ ከሆነ ወደ ጡንቻ ያደላል። (ሁለቱ አብረው ሊመጡም ይችላሉ።)

ለጡንቻው ሙቀትና ቀላል እንቅስቃሴ ይበቃል። መደንዘዙ ከቀጠለ ሐኪም ይየው። እግር ከሰነፈ፣ ሽንት ካስቸገረ ወይም ብልት አካባቢ ከደነዘዘ ግን ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል።